«ሰንበሌጥ ዜማ» የወሰደው ለቅሶ

ፀጋአብን ሳየው ምራቄን የምተፋው በከንቱ አይደለም። እዚህ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት ጀርባ፣ «ሰንበሌጥ ፊልም» የሚባል ነገር ከፈተ። ፊልሞቹ ለኛ ለካርቱም ሐበሾች ተብለው የተሠሩ ነበሩ፤ ከኛም ቢሆን እስከ መጨረሻው የሚያያቸው አልተገኘም። ዘፈኖቻቸው ግን ተሸጡ። ሰውዬው ይህን ሲያይ «ሰንበሌጥ ዜማ» ብሎ የፊልሞቹን ዘፈን ብቻ የሚያሳትም ቤት አቆመ። ከዚያ ወዲያ ፊልም የሚሠራው ዘፈን ለመሸጥ ሆነ።

ወሰንየለሽ ጎረቤቴ ናት። አርካዊት ሰፈር ሰው ቤት ምግብ ስታበስል ትውላለች፤ ከኛ ሰው የሞተ እንደሆነ ግን ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። የሳጃና አስለቃሽ እሷ ናት። ከእናቷ በወረሰችው ዜማ የሟቹን ስም እያስገባች ሙሾ ታወርዳለች። ፀጋአብ አንዱ ፊልሙ ውስጥ ላለ ቀብር እንድታለቅስ ሲጠይቃት፣ «ሬሳ በሌለበት አላለቅስም፤ ሟርት ነው» አለችው። አማላጅ ላከባት። በመጨረሻ፣ ጎንደር ስትቀበር ያልደረሰችላት እናቷ ትዝ አለቻትና ባዶው ሳጥን ፊት ቆማ ለእሷ አለቀሰች። የምር ለቅሶ ነበር።

ያ የማያፍር ምን አደረገ? ኦርጋንና ጭብጨባ ጨምሮበት፣ ልጃገረዶች እንዲቀበሉ አድርጎ ዘፈን ብሎ አወጣው። ሰርግ ላይ እስክስታ ተመታበት!

ያኔ ባሏ ባዬ ኩላሊቱን ታሞ ተኝቶ ነበር። ስቱዲዮው ድረስ አብሬያት ሄድኩ።

«ፀጋአብ፣ ይህን ነገር ከገበያ አንሣልኝ» አለችው። «የራሴ ሰው ሲሞት በምን ላልቅስ?»

«እትዬ ወሰንየለሽ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም! ሕዝቡ ወዶታል። ኢንሻአላህ ሁለተኛውን እንቀዳለን» ብሎ ሳቀ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው። ደግሞ ሻይ ልዘዝላችሁ ይለናል!

ባዬ በፍልሰታ ጾም ሞተ። ሬሳው ከሆስፒታል መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ አረፈ። ወሰንየለሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሣች። «ባዬ፣ የኔ ጌታ» ብላ ዜማውን ስታነሣ ከኋላ የተቀመጡት ልጃገረዶች ተቀበሏት፤ የፊልሙን አዝማች፣ ከነጭብጨባው። በክፋት አልነበረም፤ አፋቸው ለምዶት ነው። ወዲያው ደንግጠው ዝም አሉ። ከወንዶቹ መሀል ግን የሳቀ ነበር፤ አውቀዋለሁ፣ እግዜር ይይለት።

እንደገና ጀመረች። አሁን ማንም አልተቀበላትም፤ ግን አንዷ ስልኳን አውጥታ ትቀርጻት ነበር።

ወሰንየለሽ አየቻት። ድምጿን ዋጠችና ወደ ወንዶቹ ዞር ብላ፣ «ኸላስ፣ በቃ፤ አውጡት» አለች።

ባዬን ያለ ሙሾ ቀበርነው።