ጉና የሚከልላት ጨረቃ

ባለፈው ቅዳሜ ከመካነ ኢየሱስ ገበያ ደረቅ ባቄላ ገዝቼ፣ እቤት ገብቼ ሰፌድ ላይ ስገለብጠው፣ የተንኮሻኮሸው ድምፅ ከሠላሳ ዓመት በላይ ወደኋላ ይዞኝ ሄደ። ሌላ ሰው የባቄላ ድምፅ ሲሰማ ወጥ ወይም ቆሎ ያስብ ይሆናል፣ እኔ ግን የማስበው አባቴን ነው፤ የቆዳ ምንጣፋቸው ጀንዲ ላይ ተቀምጠው፣ ባቄላ ከፊታቸው ደርድረው፣ በግዕዝ እያጉረመረሙ ጨረቃን ሲቆጥሩ።

ላይ ጋይንት ውስጥ፣ ከጉና ተራራ ሥር በተቀመጠችው መንደራችን፣ አባቴ መሪጌታ ነበሩ። በወጣትነታቸው እዚያው ጋይንት ወዳለችው ቤተ ልሔም ሄደው ዜማ ተምረዋል፣ ባሕረ ሐሳብንም አብረው ስለተማሩ የሚመጣውን ዓመት ጾምና በዓል እያሰሉ ማውጣት የእሳቸው ሥራ ነበር። ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ከቤት ሲያውለን ሌሎች ሊቃውንት በጣታቸው አንጓ የሚቆጥሩትን እሳቸው በባቄላ ይቆጥሩት ነበር፣ ዓይናቸው ደከም ስላለ ጣት ያሳስታል ይሉ ነበር። አንድ ቀን ርቦኝ ከተደረደረው አንዷን አንስቼ ብቆረጥማት፣ «አበቅቴውን በላሽው እኮ» ብለው ሳይቆጡ ከመጀመሪያው ጀመሩ። አበቅቴ የጨረቃ ዕድሜ የሚሰላበት ቁጥር መሆኑን ያወቅሁት በልቼው ነው። አገሩ ሁሉ ሑዳዴ መቼ እንደሚገባ የሚያውቀው ከኛ ጀንዲ ላይ ነው እያልኩ እኩዮቼ ላይ እኮራ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ጉረኛ ልጅ ነበርኩ።

መስከረም ጠብቶ ስድስተኛ ክፍል ገባሁ። የመንደራችን ትምህርት ቤት ከስድስተኛ አያልፍም ነበር፣ ከዚያ በላይ መማር የፈለገ ከተማ ወርዶ ዘመድ ዘንድ መጠጋት ነበረበት፤ ለእኔ ደግሞ መካነ ኢየሱስ የእናቴ ወንድም ነበረልኝ። መካነ ኢየሱስ ከጉና ወዲያ ማዶ ያለችው የእስቴ ከተማ ናት፣ እናቴም የእስቴ ልጅ ናት። አባቴም በክረምቱ፣ «ካለፈች ትሂድ» ብለው ፈቅደውልኝ ነበር። ታላቅ እህቴ ልክ በእኔ ዕድሜ ነበር የተዳረችው፣ ስለ እኔም ሽማግሌ ሊልኩ የሚያስቡ ቤቶች እንዳሉ በጓዳ ሲወራ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ሰባተኛ ክፍል ለእኔ ሌላ ዓይነት ሕይወት ማለት ነበር፣ ይህንንም በደንብ አውቀው ነበር።

ኅዳር ላይ፣ ገብሱ እየታጨደ ሳለ፣ የሳይንስ መምህራችን መምህር ይበልጣል ከአሮጌ መጽሔት የተቆረጠ ወረቀት ይዞ ገባ። ሰዎች በመንኮራኩር ጨረቃ ድረስ ሄደው እንደወረዱባት ነገረን፣ ቀኑንም ሰሌዳው ላይ ጻፈልን፦ ሐምሌ 14 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በእኛ አገር ሰዓት ሊነጋጋ ሲል። ደብተሬ ላይ ገልብጬ እየሮጥኩ ቤት ገባሁና ለአባቴ አነበብኩላቸው። ጨረቃ የአባቴ ስለነበረች ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር።

አባቴ ቀኑንና ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና ባቄላቸውን አወጡ። ጥቂት ቆይተው «ዕለቱ ሰኞ ነው» አሉ። ሰኞ መሆኑ መምህሩ ወረቀት ላይ ነበር፣ እኔ ግን አልነገርኳቸውም፤ ኩራቴ ጣሪያ ነካ። ቀጥለው ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«የዚያ ዓመት አበቅቴ ዐሥራ ሁለት ነው። ጨረቃዋ ብትበዛ የስድስት ሌሊት ናት። የስድስት ሌሊት ጨረቃ እኩለ ሌሊት ገደማ ትገባለች። ሊነጋጋ ሲል ሰማይ ላይ ጨረቃ የለችም። የሌለች ጨረቃ ላይ ነው የቆሙት?»

በማግስቱ ለመምህር ይበልጣል ብነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ከጓሮው ድንች አምጥቶ ምድር ክብ መሆኗን፣ ለኛ ሲነጋ ለሌላው እንደሚመሽ እያዞረ አሳየኝ። ድንቹን ተቀብዬ ቤት ወስጄ ለአባቴ አዞርኩላቸው። «እኔ ሰማዩን ዐርባ ዓመት አይቼዋለሁ» አሉኝ፣ «ይህን ድንች ማን አይቶታል?» ከዚያም ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ «ሐሰት ለሚያስተምር ቤት ልጅ አልሰጥም። ስድስተኛን ጨርሺ፣ ይበቃል» አሉ። አባቴ በጩኸት የተናገሩትን አንዳንዴ ይተውት ነበር፣ በዝግታ የተናገሩትን ግን ትተውት አያውቁም። ጭዱ ውስጥ ገብቼ እስኪበቃኝ አለቀስኩ፣ እነዚያ ሰዎች ምን ነበረበት በጊዜ ቢወርዱ ብዬም ተናደድኩባቸው።

ጥር ሲገባ አውድማው ላይ ነበርን። ነፋሱ የሚነሣው ወደ ማታ ላይ ስለሆነ በጊዜ እራት አንበላም ነበር፣ አባቴ በላይዳ እያነሡ ገብሱን ይበትናሉ፣ እናቴና እኔ ገለባውን እንጠርጋለን። ቀጭን ጨረቃ ጉና ላይ ነበረች፣ ጥቂት አብርታልን ከተራራው ኋላ ገባች። እናቴ ቀና ብላ አየቻትና፣ «ይህ አገር ጨረቃ ቶሎ ነው የሚገባበት» አለች።

«ጨረቃ አገር አትመርጥም» አሏት አባቴ።

«እንጃ። እስቴ እያለሁ እራት በልተን፣ እናቴ ፀጉሬን ሠርታ እስክትጨርስ ትጠብቀኝ ነበር። እዚህ ተድሬ ስመጣ እራት ሳይቀርብ ጉና ከለላት። ያን ዓመት ሙሉ ሳለቅስ የከረምኩ በምን ይመስልዎታል?»

«ለእናትሽ መስሎኝ ነበር።»

«ለጨረቃዋም ነው እንጂ።»

አባቴ ላይዳውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። እናቴ ያለቀሰችበትን ምክንያት ስታወራ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው፣ እሳቸውም የሰሙት ያን ቀን ይመስለኛል። ነፋሱ እየነፈሰ ሳለ ሥራ ፈተው ወደ ጉና ሲያዩ ቆዩ።

ሑዳዴ ሙሉ አባቴ ከሠርክ ጸሎት ሲመለሱ ደጅ ቆም እያሉ ተራራውን ያዩ ነበር፣ እኔም እሳቸውን አይ ነበር። ፋሲካ አልፎ መካነ ኢየሱስ ያለው አጎቴ ልጁን ሊድር ወላጆቼን ጠራቸው። አባቴ ባቄላቸውን ቆጠሩና በሰርጉ ዕለት ጨረቃዋ የሦስት ሌሊት እንደምትሆን አወቁ። ከብቶቹን የምጠብቀው እኔ ስለነበርኩ አልሄድኩም፤ ለመንገድ ሲነሡ ግን አባቴ ሬዲዮናቸውን አምጥተው እጄ ላይ አኖሩት። ያን ሬዲዮ እንኳን ልከፍተው፣ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ባትሪ ድንጋዩን ሳገላብጥ ይቆጡኝ ነበር።

«ማታ ደጅ ተቀምጠሽ ጨረቃዋን እዪ» አሉኝ። «ከሁለት ሰዓቱ ዜና በፊት ጉና ከከለላት አንድ ባቄላ፣ ዜናው ከተጀመረ በኋላም ካለች ሁለት ባቄላ ቋጥሪ። እኔም እዚያ በአጎትሽ ሬዲዮ እንዲሁ አደርጋለሁ። እንዳትዋሺኝ።»

በቀጠሮው ማታ የእንጨቱ ክምር ላይ ወጥቼ፣ ሬዲዮኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። የምፈልገውን አውቃለሁ፤ እዚህ ቀድማ መግባት፣ እዚያ መቆየት አለባት። ሬዲዮኑ ዘፈን እያሰማ፣ ጨረቃዋ ወደ ተራራው ጫፍ ቀረበች፣ ነካችው፣ ጠፋች። ዘፈኑ አላለቀም ነበር። ሌላም ዘፈን ተዘፈነ፣ ከዚያ በኋላ ነው ዜናው የጀመረው። አንዷን ባቄላ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኳት። ብትዘገይብኝ ኖሮ እዋሽ ነበር ወይ ብዬ አልፎ አልፎ ራሴን እጠይቃለሁ፣ መልሱንም ስለማውቀው ቶሎ ወደ ሌላ ሐሳብ አልፋለሁ።

ወላጆቼ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። አባቴ እግራቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ጀንዲው ላይ ተቀመጡና «ፍችው» አሉኝ። ቋጠሮዬን ፈትቼ አንዷን ባቄላ አስቀመጥኩ። እሳቸውም የጋቢያቸውን ጫፍ ፈቱ፤ ሁለት ባቄላ ወደቀ። እናቴ ከኋላ ሆና እየሳቀች፣ «ሰርገኛው ሁሉ ሲበላ እሳቸው ደጅ ቆመው ነበር እኮ። ዜናው ካለቀ በኋላም አልገባም አሉ፤ ሰው ሁሉ የተጣሉ መስሎት ሲለምናቸው አመሸ» አለችኝ።

አባቴ ሦስቱን ባቄላዎች ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋቸው። «ሒሳቡ ልክ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ «ጨረቃዋም ልክ ናት። የተሳሳትኩ እኔ ነኝ። የጋይንትን ሰማይ የሰው ሁሉ ሰማይ አደረግሁት። የአንድ ቀን መንገድ ይህን ያህል ከለየ፣ ባሕር ማዶ ላለው ሰው የኛ ንጋት ምሽት ቢሆንበት ምን ይገርማል።» ዛሬ ሳይንስ አስተማሪ ነኝና በተራራ መከለልና በምድር መዞር መካከል ያለውን ልዩነት አውቃለሁ፣ ተማሪዬ ቢሆኑ ኖሮ አርማቸው ነበር። ያን ቀን ግን ባቄላዎቹን ሰብስቤ ወደ ከረጢታቸው መለስኳቸው። አባቴ ወደ እናቴ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያን ዓመት ብትነግሪኝ ምን ነበር» አሏት። እናቴ ውኃ አምጥታ እግራቸውን ማጠብ ጀመረች።

በሳምንቱ እሑድ መምህር ይበልጣል ቤታችን ተጠርቶ ታሪኩን ከሥሩ እንዲያወራ ታዘዘ። እሱም በመጀመሪያ ሰው የሌለበት መንኮራኩር መላኩን፣ ቀጥሎ በዚያው በ1961 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ ሦስት ሰዎች ሳይወርዱ ጨረቃን ዞረው መመለሳቸውን፣ እዚያም ሆነው ስለ ዓለም መፈጠር በኦሪት የተጻፈውን ንባብ ለምድር ሰው ማንበባቸውን ተረከ። አባቴ እዚህ ላይ አስቁመው ይህንኑ አስደገሙት። ከዚያ ሐምሌ ላይ ሁለቱ ሲወርዱ ሦስተኛው ከላይ እየዞረ ጠበቃቸው፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ የሌሎች ሦስት ሰዎች መንኮራኩር መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሳይወርዱ በጭንቅ ተመለሱ፤ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ ተወርዶ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ረገጧት፣ ከ1965 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወዲህም ማንም አልሄደባትም። እናቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ያ ሦስተኛውስ፣ እዚያ ድረስ ሄዶ ሳይወርድባት ተመለሰ?»

«አዎ፣ እመት። እሱ ባይጠብቅ ሁለቱ አይመለሱም ነበር» አላት መምህሩ።

እናቴ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ጓዳ ገባች። መምህሩ ሲወጣ አባቴ እስከ በር ሸኝተውት፣ «መስከረም ላይ ትሄዳለች» አሉት፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ነበር የነገሩት፣ እኔ ግን ምሰሶው ሥር ሆኜ ሰማሁ።

መስከረም ላይ ስንቄን ተሸክሜ ከአባቴ ጋር ጉናን ዞሬ መካነ ኢየሱስ ገባሁ። በመጀመሪያዎቹ ማታዎች ቤቴ ናፍቆኝ አጎቴ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ አለቅስ ነበር፣ ጨረቃዋ ግን አልገባ ትለኝ ነበር። እናቴ ያጣቻትን ጨረቃ እኔ አግኝቼ፣ እኔ ደግሞ እናቴን አጥቼ ተቀመጥኩ። ቀስ በቀስ ለመድኩት። ሰባተኛን አንደኛ ወጣሁ፣ ከዚያም ወዲህ ትምህርት ያቃተኝ ጊዜ አልነበረም፤ ጉራዬ እንዳልለቀቀኝ እነሆ ታያላችሁ።

ዛሬ እዚሁ መካነ ኢየሱስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የጨረቃን አፈር በስልካቸው አስጠግተው ያዩታል፣ ሰዎች ተመልሰው ሊሄዱባት መዘጋጀታቸውንም ከእኔ ቀድመው ይሰማሉ፣ አንዳንዶቹም ድሮ መሄዱ ራሱ ውሸት ነው ብለው ይከራከሩኛል። አልቆጣቸውም። አባቴም እንዲህ ብለው ነበር፣ ልዩነቱ አባቴ ቆጥረው ተከራከሩ፣ የአንድ ቀን መንገድ ሄደው በዓይናቸው አይተው ተረቱ። አሁን እሳቸው የሉም። ባቄላቸው የነበረበት ከረጢት እኔ ዘንድ ነው።

እናቴ ግን አለች፣ እዚያው ጉና ሥር፣ ስልክም ገዝቼላታለሁ። በየወሩ፣ ጨረቃዋ ቀጭን ሳለች፣ ገና እራት ሳልበላ ትደውላለች።

«እኛ ጋ ገባች። አንቺ ጋ አለች?»

«አለች፣ እማዬ።»

«እንግዲያው እስክትገባ እይልኝ» ትለኛለች፤ እኔም ወንበሬን አውጥቼ ደጅ እቀመጣለሁ።