በመቶ አለቃው ደረት ኪስ የቀረች ወረቀት

ትዕዛዙ የደረሰን ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። «ፉሪ ኮረብታ ላይ ሰፍራችሁ የሰበታን መንገድ ጠብቁ» ተባልን። የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የተቀጣጠለበት ጊዜ ነበር። ጋንታችን ከድንበሩ ቆላ ከወጣች ገና አራተኛ ወሯ ነው። ዛሬ ልጆች «ጦር ሜዳ ምን ይመስላል?» ብለው ሲጠይቁኝ የተኩስ ወሬ ይጠብቃሉ። እኔ የምነግራቸው ስለ አንዲት ዝንብ ነው።

ቆላ የሰፈርንበት መሬት ዋልካ ነበር፤ በበጋ ይሰነጣጠቅና እግር ይውጣል። ድንኳኑ እንደ ምድጃ ስለሚግል፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ራታችንን ይዘን ኩይሳው ላይ እንወጣለን። ምስጥ የቆለለው አፈር ከፍ ስለሚል ነፋስ ያገኛል። እጅጌ ሰብስበን፣ ሱሪ ጠቅልለን እንጨዋወታለን። አንድ ቀን ጋሽ ይመር የሚባሉ የወባ መድኃኒት የሚረጩ ሰውዬ በዚያ ሲያልፉ አዩንና ደነገጡ።

«ልጆቼ፣ ውረዱ ከዚያ! የተቀመጣችሁት ቤቷ ላይ ነው።»

«የማን ቤት?» አልናቸው እየሳቅን።

«የአሸዋ ዝንብ ነዋ! ቀን በኩይሳው ቀዳዳና በመሬቱ ስንጥቅ ተደብቃ ትውላለች፤ በዚህ ሰዓት ትወጣለች። እንደ ወባ ትንኝ ጆሮ ላይ አትጮህም። ደም የምትመጠው ሴቷ ናት፣ ለእንቁላሏ ብላ። ከበሽተኛው የቀዳችውን ተውሳክ ለጤነኛው ታቀብላለች። ይሄ አጎበራችሁም አያግዳትም፤ በቀዳዳው ታልፋለች።»

ከዚያ አንድ ወረቀት ጽፈው ለጋንታ መሪያችን ለመቶ አለቃው ሰጡት። አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ምን እንደተጻፈበት አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅን። በማግስቱ ማታ ያው ኩይሳው ላይ ነበርን።

ፉሪ በወጣን በሁለተኛው ሳምንት ቶሎሳን ትኩሳት ያዘው። ቶሎሳ የሱሉልታ ልጅ ነው፤ ከሠላሳዎቻችን ውስጥ ለእኔ የቅርብ ጓደኛዬ እሱ ነበር። የወባ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ዋጠ፣ አልተሻለውም። ፊቱ ከሳ፤ ሆዱ በግራ በኩል አበጠ።

በዚያ ሰሞን ቡራዩ ተላክን። ከቀኑ አምስት ሰዓት። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ጎማ ይቃጠላል። ሕዝቡ ብዙ ነው። ጣታችን ቃታ ላይ። ከኋላችን ምጥ የያዛት ሴት የጫነ ሚኒባስ ቆሟል። ቶሎሳ መሣሪያውን ለእኔ ሰጠኝና ብቻውን ከሕዝቡ ፊት ወደቆሙት ሽማግሌዎች ሄደ። በኦሮምኛ አናገራቸው። ድንጋዩ ተነሳ፤ ሚኒባሱ አለፈ። አንድም ጥይት አልተተኮሰም። ተመልሶ እግሬ ሥር ወደቀ።

መቶ አለቃው ግን በማግስቱ በሁላችንም ፊት እንዲህ አለ፦ «በዚህ ብርድ የምን ወባ ነው? ይሄ የታመመው ወገኑን ላለመጋፈጥ ነው።»

ሳምንት ሳይሞላ አባቱ ኦቦ ደቻሳ ወተት በጄሪካን ይዘው ከሱሉልታ መጡ። የልጃቸውን ያበጠ ሆድ በእጃቸው ዳሰሱ።

«ስጡኝ» አሉኝ። «ሐኪም ቤት እኔ እወስደዋለሁ።»

ሮጬ ወደ መቶ አለቃው ሄድኩ። «የሪፈር ወረቀቱን ፈርሜያለሁ። ነገ ጠዋት መኪና ይወስደዋል። አባቱን አረጋጋና ሸኛቸው» አለኝ።

«ኦቦ፣ አይስጉ» አልኳቸው። «ነገ ትልቅ ሆስፒታል ይገባል። ወረቀቱ ተፈርሟል።»

«አንተ አይተኸዋል?»

«አዎ፣ አይቻለሁ።»

አላየሁም። በእኛ በወታደሮች ዘንድ ግን አለቃ «ፈርሜያለሁ» ካለ ፊርማውን በዓይንህ እንዳየኸው ይቆጠራል። ሽማግሌው ወተቱን ትተውልን ሄዱ።

በማግስቱ መኪና አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። ስጠይቅ «መንገድ ተዘግቷል» ተባልኩ። ቶሎሳ አንድ ጊዜ ብቻ «አባቴን ለምን መለስከው?» አለኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት አፍንጫው ይደማ ጀመር፤ አልቆም አለ። በሰው ፒክአፕ ጭነን ስንወርድ የፉሪን ቁልቁለት ሳንጨርስ ክንዴ ላይ አረፈ።

ከሁለት ወር በኋላ መቶ አለቃው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ፤ ዕቃውን እንድሸክፍ እኔን አዘዘኝ። ከአሮጌው ሸሚዙ ደረት ኪስ የጋሽ ይመር ወረቀት ወጣች። «ትኩሳቱ ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል። የወባ መድኃኒት አያድነውም። በግራ ጎን ጣፊያው ካበጠ የአሸዋ ዝንብ የምታመጣው ካላ አዛር ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይላክ» ይላል። ገለበጥኳት። ጀርባዋ ላይ በመቶ አለቃው እጅ የጥበቃ ተራ ተጽፎበታል። አባትየው በመጡበት ማግስት፣ ሆስፒታል ይሄዳል በተባለበት ቀን፣ ቶሎሳ ደቻሳ ለጥበቃ ተመድቧል። ሪፈር የሚባል ነገር ከሻንጣውም ከኪሱም አላገኘሁም።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። ጠላት ቢያቆስለኝ ይህን ያህል አይቆጨኝም ነበር። እኔን ያቃጠለኝ «ጌታዬ» እያልኩ የታዘዝኩት ሰው በገዛ አፌ እንድዋሽ ማድረጉ ነው።

በዚያ ዓመት ከጋንታችን ሦስት ሰው ሞተ። በድንጋይ የሞተ የለም፤ በጥይትም የለም። ሦስቱም ማታ ማታ ኩይሳው ላይ አብረውኝ ይቀመጡ የነበሩ ናቸው። ሌሎች አራት ሕመምተኞች ያቺን ወረቀት ለሐኪም አሳይተንላቸው ታክመው ዳኑ። ወረቀቷ ከመጀመሪያው ኪስ ባትገባ ኖሮ ሰባቱም ይኖሩ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከሠራዊቱ ስወጣ መጀመሪያ የሄድኩት ሱሉልታ ነው። ኦቦ ደቻሳ ላሞቻቸው አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወረቀቷን አነበብኩላቸው፤ የመቶ አለቃውን ውሸት አንድ ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«እሱን መች አውቀዋለሁ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔ ያመንኩት አንተን ነው።»