ዶላሞ ዓሣ ሲያጣምድ

ጂንካ ላይ ጎረቤቴ የነበረው ዶላሞ ወባ ማጥፊያ ነበር የሚሠራው። ሥራው ዲዲቲ መርጨትና ውሃ ማየት ነው። ውሃ ማየት ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ኩሬ ባየ ቁጥር በጭልፋ ይቀዳና የወባ ትንኝ እጭ መኖር አለመኖሩን አፍጥጦ ይመረምራል። ከልማዱ የተነሣ እኔ ቤት ሲጋበዝ እንኳ የቀረበለትን ውሃ ወደ ብርሃን አስጠግቶ ሳያይ አይጠጣም። በዚህ ነገሩ እበሽቅ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ኦሞ ወንዝ ዳር ወዳለችው ዱስ ለሥራ ወረደና፣ ጎርፉ ሲሸሽ ጥሎት ከሄደው አንድ ኩሬ ቀዳ። አንድም እጭ የለም። ደገመ፤ የለም። በዙሪያው ያሉት ኩሬዎች በእጭ ተሞልተው ይህ ብቻ እንዴት ጠራ? ጎንበስ ብሎ ሲያይ ከጣት የማይበልጡ ዓሦች እጩን እየለቀሙ ይበሉታል።

«እትዬ፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት መርዝ ተሸክሜ ያልቻልኩትን ይቺ ጣት የምታህል ፍጥረት ያለ ደመወዝ ትሠራዋለች!» አለኝ ሲመለስ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሳቡ አንድ ሆነ፤ እነዚህን ዓሦች ቤቱ አርብቶ በየኩሬው መልቀቅ።

የመጀመሪያዎቹን ያመጣቸው በመርጫው ታንክ ነው። አሥር ጊዜ አጥቤዋለሁ ይላል፤ ዓሦቹ ግን መንገድ ላይ ካለችው ቱርሚ እንኳ ሳይደርሱ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። በሁለተኛው ጉዞ በጀሪካን አደረጋቸውና፣ አየር እንዲያገኙ ብሎ ከዱስ እስከ ጂንካ እንደ ወተት ቅል ሲንጣቸው መጣ። ከመኪና ሲወርድ ክንዱ አልነሣ ብሎት ነበር።

ገንዳውን የሠራው የቤቱን መስኮቶች መስታወት ነቅሎ፣ ከአሮጌ አልጋ ብረት ጋር በስቱኮ አያይዞ ነው። መስኮቶቹ በጣውላ ተደፈኑ። ሚስቱ አረጋሽ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለችው፤ ቀጥላም ቀን ቆረጠችለት። እስከ ፋሲካ ዓሦቹ ካልረቡ ገንዳው ይፈርሳል።

ያመጣቸው ሦስት ዓይነት ነበሩ። ሰማያዊ ነጥብ የተነሰነሰባቸው ቀያዮች፣ ግራጫዎቹ ቆሮሶዎች፣ እና እጭ በላተኞቹ ትንንሾች። የትንንሾቹ ወንዶች ከሆዳቸው ሥር ባለው ክንፍ ላይ አስኳል የመሰለ ቢጫ ነጠብጣብ አላቸው። ሦስቱም ሲክሊድ የሚባለው የዓሣ ወገን መሆናቸውን ነገርኩት። የባዮሎጂ መምህርት ነኝና ይህን አውቃለሁ፤ እውቀቴ እዚያ ላይ ማለቁን ግን አልነገርኩትም።

ማን ከማን ጋር እንደሚኖር ሲመርጥ ዶላሞ የተከተለው የአባቱን ደንብ ነው። አባቱ በትውልድ ቀዬው ገዘር በሬ በማጣመድ የተመሰገነ ገበሬ ነበር፤ ቁመታቸው ያልተካከለ በሬዎች አይጠመዱም ባይ ነው። ስለዚህ ዶላሞ ዓሦቹን በክብሪት እንጨት እየለካ እኩያን ከእኩያ ጋር አደረገ። በማግስቱ ገንዳው የጦር ሜዳ ሆነ። እኩያ በሬ ቀንበር ይጋራል፤ እኩያ ዓሣ ለካ ድንበር ይጋፋል! ሁለት ወንዶች አፍ ለአፍ ተናክሰው ሲገፋፉ ይውላሉ። ቀያዮቹ ጥንዶች ደግሞ አንድ ጥግ ጉድጓድ ምሰው ያለፈ ያገደመውን ይነክሳሉ። «መሬት ላራሹ ከታወጀ አሥር ዓመቱ፤ ወሬው እነሱ ዘንድ ገና አሁን ደረሰ» ብዬ ሳቅሁበት። እሱ አልሳቀም። በየጠዋቱ የሞተ ያወጣ ነበር።

እየከሰረ ተማረ። ቀያዮቹን ለብቻቸው በርሜል ውስጥ ከተታቸው። ከኔሪ ወንዝ ድንጋይ አምጥቶ፣ አንዱ ሌላውን እንዳያይ ገንዳውን ከፋፈለው። እኩያ ወንዶችን ለያየና አንድ ወንድ ብቻ ከሴቶች ጋር ተወ፤ ጎረቤት እንዲሆኗቸው ጠብ የማያውቁ ጥቂት የቆሮሶ ጫጩቶች ጨመረላቸው። ሰላም ወረደ። ሰላሙ ሲመጣ ግን ከእጭ በላተኞቹ የቀሩት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ። ነዳጅ በኮታ ሆኖ የዱስ ጉዞ ቆሟል። ያቺ ሴት ከሞተች የዶላሞ ሐሳብ አብሯት ይሞታል።

ፋሲካ አራት ሳምንት ሲቀረው ሴቷ መብላት ተወች። ጉሮሮዋም አበጠ። «እንቅርት ሳይሆን አይቀርም» አልኩ፤ መምህርት ነኛ! ዶላሞ ግን አፏን ከፈት ስታደርግ ውስጡ ቢጫ ፍሬ አየ። ዞር ብሎ አረጋሽን፦

«ማሽላ በትነሽባት ነው የታነቀችው» አላት።

«እኔ ለዓሣ እህል የምበትን ጅል ነኝ?» አለችው። ተኮራረፉ።

ሳምንት ሙሉ ጠበቀ፤ አልበላችም። ጥጃ ሲታነቅ ቆሞ የሚያይ የገዘር ሰው የለም፤ እጁን ሰዶ ያነቀውን ያወጣል። የዶላሞ እጅ የዓሣዋ አፍ ስለማይገባ ወረንጦ አመጣ። እኔ በእርጥብ ፎጣ ያዝኳት። መዳፌ ውስጥ ልቧ ይሁን ጉሮሮዋ፣ የሆነ ነገር ሲመታ ይሰማኛል። አንዱን ፍሬ አወጣ፤ ወረንጦው ላይ ፈረጠ። ሁለተኛውም እንዲሁ። «ማሽላው በስብሷል» አለ። ሦስተኛውን በቀስታ ይዞ ሙሉውን አወጣና መዳፉ ላይ አኖረው።

ማሽላው ዓይን ነበረው።

ሁለት ጥቁር ዓይኖች፣ ከኋላውም እንደ ክር ቀጥና የምትርገበገብ ጭራ። እስከ ዛሬ ድረስ ያን የመሰለ ነገር ያየሁ አይመስለኝም። አረጋሽ ከኋላችን መጥታ አንገቷን አሰገገች።

«ልጆቿ ናቸው። የማትበላው እንዳትውጣቸው ፈርታ ነው» አለች። ዲፕሎማው ያለው ግን እኔ ዘንድ ነበር።

ቶሎ ብለን ወደ ገንዳው መለስናት። በድንጋጤዋ አምስት ስድስቱን ተፋቻቸው፤ አሸዋው ላይ ተበተኑ። አለቀ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ተመልሳ አንድ በአንድ እየለቀመች አፏ ውስጥ ታስገባለች። ዶላሞ መዳፉን ውሃው ውስጥ ነከረ፤ ሦስተኛው ተንሸራቶ ወረደ፤ እሱንም መጥታ ወሰደችው። ዶላሞ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ሁለቱን ገድያለሁ» አለ።

አረጋሽ ኩርፊያዋን ረስታ አጠገቡ ተቀመጠች።

ወንዱና ቆሮሶዎቹ በዚያኑ ቀን ወደ ሌላ በርሜል ተዛወሩ፤ ገንዳው በሙሉ ለእሷ ተተወ። እሷም ሰውነቷ መንምኖ ጭንቅላቷ ብቻ እስኪቀር ድረስ ጾመች። ሁዳዴን የምጾም ሰው ነኝ፤ ከዚያች ዓሣ አጠገብ ግን ጾምኩ ለማለት አፈርኩ። ሆሳዕና ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው ጠዋት አረጋሽ ጠራችኝ። ዓሣዋ አፏን ከፍታ ልጆቿን ትለቃለች። የምስር ፍሬ የማያህሉ ሕያዋን እየተግተለተሉ ወጥተው በራሷ ዙሪያ ተንሳፈፉ። እጄ ሳላስበው አማተበ። አረጋሽ እንባዋን ታብስ ነበር።

ያን ጊዜ ዶላሞ በሩን ከፍቶ ገባ። እናቲቱ አፏን ከፈተች፤ ያ ሁሉ ጫጩት በአንድ ጊዜ ተመልሶ ገባ፤ አንድም ውጭ የቀረ የለም። «እንዴት አወቁ? ማን ጠራቸው?» እያለ ዶላሞ ባለበት ደርቆ ቀረ። ሲወጣ መልሳ ለቀቀቻቸው።

አረጋሽ ብትቀርብ ዓሣዋ አትሸሽም። የሰፈሩ ሰው እየመጣ ቢያይም አትሸሽም። ዶላሞ ሲመጣ ብቻ አፏን ትከፍታለች። የሥራ ካኪውን አውልቆ ሞከረ፤ የአረጋሽን ነጠላ ተከናንቦ ሞከረ፤ ስቀን ልንሞት ደረስን፤ ዓሣዋ ግን አወቀችው። እኔንም ታውቀኝ እንደሆን ለማየት ደፍሬ አልቀረብኩም።

«ልክ ናት» አለ ዶላሞ በመጨረሻ።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው ከየኩሬው እጭ ቀድቶ ይመጣና፣ ከደጅ ቆሞ ጣሳውን በበሩ ክፍተት ለአረጋሽ ያቀብላታል።

«ምን እያደረጉ ነው?» ይላል።

«እየበሉ ነው።»

«እሷስ?»

«እሷ በሩን እያየች ነው» ትለዋለች።