የአሰልጣኙ ዋስ

አባቴ ሁለት ነገር አይወዱም ነበር፤ ዜማ የሚሰብር ተማሪና በአደባባይ የሚጮኽ ሰው። የመጀመሪያውን ለማረም ሲሉ ሁለተኛውን ራሳቸው ይሆኑ ነበር። መሪጌታ ናቸው። ቤታችን እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ከደብሩ አጥር ሥር ስለነበር ጧት ጧት የሚቀሰቅሰኝ ዶሮ ሳይሆን የድጓ ተማሪዎቻቸውን ሲቆጡ የሚሰማው ድምፃቸው ነው። ይህን ፊት ለፊት የነገራቸው ሰው አልነበረም። ማን ደፍሮ!

ጊዜው የጃንሆይ ነው። ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ትምህርት ሚኒስቴር አንድ ወጣት አስተማሪ ላከልን። ሐረርጌ ውስጥ በካቶሊክ መነኮሳት ትምህርት ቤት ያደገ፣ ራሱም ካቶሊክ የሆነ ሰው ነበር። እስቴ ውስጥ ዘመድ ቀርቶ የሚያውቀው ሰው አልነበረውም። የመጣው ሒሳብ ሊያስተምር ነው፤ ነገር ግን ወር ሳይሞላው ሁለት ረጃጅም ባሕር ዛፍ አስቆርጦ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አስተከለ፤ አናታቸው ላይ ሳንቃ አስመታ፤ ከበርሜል አፍ የተቆረጠ የብረት ቀለበት አስገጠመ። መረብ የሚባል ነገር ስላልነበረ ኳሷ ትግባ ትሳት ለማወቅ ዐይንን ተክሎ ማየት ብቻ ነበር። «ወንዶቹ እግር ኳስ አላቸው፤ ይኼ የናንተ ነው» ብሎ እኛን ሴቶቹን ሰበሰበን። ቅርጫት ኳስ እንደሚባልም ነገረን።

ወደድኩት። እንደዚያ ቀን በሰውነቴ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እስከዚያ ድረስ እጄ እንስራ ለመሸከምና ሊጥ ለማቡካት ብቻ የተሠራ ነበር የሚመስለኝ። እናቴ ከቀሚሴ ሥር የምለብሰው ሱሪ ሰፋችልኝ፤ ለአባቴ ግን አልነገረችም።

መስማታቸው አልቀረም። «ካቶሊኩ ሴት ልጆቻችንን ያዘልላል» የሚለው ወሬ ከገበያ እስከ ቤተ ልሔም ተናፈሰ። አባቴን ያስቆጣቸው ካቶሊክነቱ ብቻ አልነበረም። ከዓመት በፊት የወንዶቹ እግር ኳስ አስተማሪ በሜዳው ዳር እየሮጠ፣ ልጆቹን እየሰደበ፣ ኮፍያውን መሬት ጥሎ ሲረግጥ አይተው ነበር። «ይኼን ሴት ልጄ ላይ ሊያደርግ? በሰው ፊት?» አሉ። በዚያ ላይ ከስማዳ፣ ወገዳ ከምትባል ከተማ፣ ለጋብቻ ሽማግሌ ተልኮብኝ መልስ ይጠበቅ ነበር። አባቴ እንቢም እሺም አላሉም። እኔ ደግሞ ኳሱ ከቀረ ትምህርቱ፣ ትምህርቱ ከቀረ እስቴ ራሱ እንደሚቀርብኝ ገብቶኛል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አስተማሪውን ገበያው ዳር ካለችው ሾላ ሥር አስጠሩት። ወላጆች ሁሉ ነበሩ። እኛ ልጆቹ ራቅ ብለን ቆመን እንሰማለን።

«ልጆቻችንን በእጅህም በአርጩሜም አትነካም» አሉ አባቴ።

«አልነካም፣ የኔታ።»

«አትሰድብም። ጸሎትህንም ለራስህ ትጸልያለህ።»

«ለራሴ እጸልያለሁ።»

«የጨዋታው ቀን እንደ እግር ኳሱ አስተማሪ እየተራወጥህ ልጆቹ ላይም፣ ዳኛው ላይም አትጮኽም። ወንበር ይሰጥሃል። ጨዋታው እስኪያልቅ ከወንበርህ አትነሣም።»

አስተማሪው ፈገግ አለ። «ያሳደጉኝ መነኮሳትም ከዚህ የተለየ አላሉኝም።»

«መነኩሴ ኳስ ይጫወታል?»

«ቀሚሱን ሰብስቦ ይጫወታል፣ የኔታ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ አልሳቁም። «በል እንግዲያው ዋስ ጥራ!» አሉ።

ሳቁ ጸጥ አለ። እኛ አገር ቃል የገባ ሰው ዋስ ይጠራል፤ ዋስ የሚሆነው ደግሞ ወንድም፣ አጎት፣ የአገር ልጅ ነው። አስተማሪው ግራ ቀኙን አየ። የሚያየው ሰው አልነበረውም። አሳዘነኝ፤ ከወገዳ ሽማግሎች ይልቅ የዚያ ሰው ብቻውን መቆም ነው ሆዴን ያባባው።

«እኔ አለሁ» አሉ አንድ ሰው ከኋላ። ጨርቅ ነጋዴው ናቸው፤ እስላም ናቸው፤ ሱቃቸው ከሾላዋ አጠገብ ነው።

«አንተ ደግሞ ምኑ ነህ?» አሏቸው አባቴ።

«ምኑም አይደለሁ። ልጄ ግን እሱ ዘንድ ትጫወታለች። ወደ ቤት የምትመጣው እየሳቀች ነው። ይበቃኛል።»

አባቴ ትንሽ አሰቡና «ይሁን» አሉ። «ቃሉ የፈረሰ ቀን ግን የኔይቱ ኳሱንም ትምህርቱንም ትተዋለች። የስማዳ ሰዎችም መልሳቸውን ያገኛሉ።»

ነገሩ አለቀ ስንል አስተማሪው አንገቱን ዝቅ አድርጎ «ይቅርታ፣ የኔታ፤ ለተመልካቹስ ማን ዋስ ይሆናል?» አለ።

«ተመልካቹ ደግሞ ምን ሆነ?»

«እሱም ይጮኻል እኮ።»

«ስለ ሌላው እንጃ!» አሉ አባቴ በኩራት። «እኔ በጨዋታ የምጮኽ ሰው አይደለሁም። እኔ ዋስ አያሻኝም።»

የነጋዴውን ልጅ ቀና ብዬ ሳያት የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች። ቤታቸው ከኛ ቤት ብዙ አይርቅም፤ ጧት ጧት እሷም ትሰማለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማሪያችን ቁጭ ብሎ ያሰለጥነን ጀመር። እንዲለምደው ብሎ ነው። ከወገቡ በላይ የተቀመጠ ሰው ነው፤ እግሮቹ ግን ከወንበሩ ሥር ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ አንዳንዴም ኳስ ይለጋሉ። እኛ በሳቅ እንሞታለን። ስናጠፋ ይጠራንና «ምን አየሽ?» ይላል። አጥፍተሻል አይልም። እኔ ኳስ ካገኘሁ ለማንም አልሰጥም ነበር። «ምን አየሽ?» ሲለኝ «ቀለበቱን» አልኩት። «ሌላስ?» አለኝ። ሌላ ምንም አላየሁም ነበር። በማግስቱ የነጋዴው ልጅ ብቻዋን ቆማ አየኋትና ሰጠኋት። ከወንበሩ ሥር እግሩ ጨፈረ።

ከጥምቀት በኋላ የንፋስ መውጫ ልጆች ሊገጥሙን መጡ። ስንቃቸውን በበቅሎ ጭነው በእግራቸው ነው የመጡት፤ በየቤታችንም ተከፋፍለው አደሩ። እኔ ዘንድ ያደረችው ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። እግሯ ውኃ ቋጥሮ ነበር፤ እናቴ አጥባ ቅቤ ቀባቻት። አባቴም «የእንግዳ እግር ነው፤ ቀስ አድርጊ» እያሉ ከመደባቸው ሆነው አዘዙ። አንድ ቁርበት ላይ ተኛን። ጧት ተያይዘን ወደ ሜዳው ሄድን።

ቅዳሜ ገበያ ስለነበር ሰዉ ከበግ ተራውም ከእህል ተራውም ወጥቶ ሜዳውን ከበበው። የሚዳኘው ከጤና ጣቢያው የመጣ ድሬሰር ነው፤ ከተማ ሲማር ጨዋታውን አይቶታል። አስተማሪያችን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አባቴ ጭራቸውን ይዘው ከፊት ለፊቱ ተሰየሙ። ኳሷን አንድ ጊዜ እንኳ ያዩ አይመስለኝም። የሚያዩት ወንበሩን ነበር።

የእንግዶቹ አሰልጣኝ ግን ለማንም ቃል አልገባም። ከዳር ዳር ይሮጣል። እንግዳዬ ኳስ በጣለች ቁጥር «አንቺ ግንድ! ተንቀሳቀሽ!» ይላታል። እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ትጫወት ነበር። አናደደኝ። ተቃራኒዬ መሆኗ እስኪጠፋኝ ድረስ አናደደኝ። የኛው ቁጭ ብሎ እግሩን ያስጨፍራል፤ እንግዳዬ ጥሩ ስትጫወት ለሷም ያጨበጭብላታል።

መጨረሻው ሲቃረብ እኩል ነበርን። ኳሷ እጄ ገባች። ቀለበቱን አየሁ፤ ሌላም አየሁ፤ ጓደኞቼ ሁሉ ተይዘዋል። ወረወርኩ። ዳኛው ከሳንቃው ኋላ በኩል ነበር፤ ፊሽካውን ነፍቶ «ገብቷል!» አለ። እልልታው ቀለጠ። እኔም ገብቷል ብዬ ዘለልኩ። ሴቶቹ አቅፈውኝ ስንሽከረከር እልልታው ድንገት ቆመ።

አስተማሪያችን ከወንበሩ ተነሥቷል።

ሜዳው ሁሉ ቃሉን ያውቃል፤ የማያውቁት እንግዶቹ ብቻ ናቸው። ወደ ዳኛው ሄደ። ድምፁን አልጨመረም፤ ግን ጸጥታው ከባድ ስለነበር ሁሉም ሰማው።

«አልገባም። በጎን ነው ያለፈው። እኔ ፊት ለፊት ነበርኩ።»

«ላንተው እኮ ነው የቆጠርኩት» አለው ድሬሰሩ ግራ ገብቶት።

«አውቃለሁ። ግን አልገባም።»

ዳኛው ነጥቡን ሰርዞ ኳሷን ለእንግዶቹ ሰጠ። እንግዳዬ ይዛ ሮጠች፤ ወደ ቀለበቱ ወረወረች፤ በመካከል ነው ያለፈው፣ ማንም የሚጠይቀው አልነበረም። ፊሽካው ተነፋ። ተሸነፍን።

አለቀስኩ። ስለ ጨዋታው አልነበረም። ወገዳን እያሰብኩ ነው ያለቀስኩት፤ የማላውቀውን ቤት፣ የማላውቀውን ሰው።

አባቴ ተነሡና ወደ ሜዳው መሀል ገቡ። «ጨዋታው እስኪያልቅ አልነሣም ብለህ ነበር» አሉት።

«ብዬ ነበር፣ የኔታ። አፍርሻለሁ።»

ጨርቅ ነጋዴው ሳይጠሩ መጥተው አጠገቡ ቆሙ። «ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ።

«ለምን ተነሣህ?» አሉት አባቴ።

አስተማሪው ወደ እኔ አየ። «ልጅዎ ያላገባችውን አግብተሻል ተብላ ቤቷ እንድትገባ አልፈለግሁም። እንግዳዋም እዚያው ቤት ናት የምታድረው።»

አባቴ ጢማቸውን ያዙ፣ ለቀቁ። ከዚያ ወደ ነጋዴው ዞረው «አንተ ሂድ፣ ሱቅህን ክፈት» አሉ። «ዋስነትህን ፈትቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ ሰው ዋስ የሚጠይቅ ቢኖር እኔን ይጥራ።»

ማታ እንግዳዬንና እኔን አንድ ገበታ አቅርበው ራሳቸው አጎረሱን። የስማዳ ሽማግሎች ሲመጡም «ልጄ ገና ትምህርት ላይ ናት» ብለው በክብር ሸኟቸው። ከበር ኋላ ሆኜ ስሰማ እዚያው ቁጭ አልኩ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ለአባቴ ክብር ጥሩ ነበር። ግን ከፋሲካ በኋላ ተራው የኛ ሆኖ ንፋስ መውጫ ስንሄድ፣ አባቴ በቅሏቸውን አስጭነው አብረውን መጡ። ነጋዴውም ለገበያ ጨርቃቸውን ይዘው ተከተሉ። ጨዋታው ተጀመረ። የኔዋ እንግዳ አሁን ባለአገር ናት፤ ስታየኝ ፈገግ አለች። አሰልጣኛቸው ያው እንደ ልማዱ ይሮጣል። የኛው አስተማሪ ማንም ሳያስገድደው ወንበር ለምኖ ተቀምጧል። አንዲት ልጅ ትከሻዬን ገፍታኝ በግንባሬ ተደፋሁ፤ ዳኛው ዝም አለ።

ያን ጊዜ ከተመልካቹ መሀል ድጓ ያሰፋው ጉሮሮ ሲፈነዳ ተሰማ።

«አንተ ዳኛ! ዐይን የለህም ወይ! ልጄን ገደሏት እኮ! አንተ ዕውር!»

ቀና ስል አባቴ ቆመዋል። ጥምጥማቸው ወደ አንድ ጆሮ አዘንብሏል፤ ጭራቸው ወደ ሰማይ ተሰቅሏል። ጨዋታው ቆመ። ሰው ሁሉ አያቸው።

አስተማሪያችን ከወንበሩ ሳይነሣ ዞር አለ። በጣም በትሕትና፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ «የኔታ» አለ፤ «ዋስ ይጥሩ።»

አባቴ ግራ ቀኛቸውን አዩ። ከኋላቸው፣ ከጨርቅ ጥቅሉ ላይ የተቀመጡት ነጋዴ እጃቸውን አነሡ።

«እኔ አለሁ» አሉ።

አባቴ ጥምጥማቸውን አቃኑና ቁጭ አሉ። ጨዋታው እስኪያልቅም አልተነሡም።