ነጩ ጭልፊትና ሸዋዬ

እኔ ለመጻፍ የምበቃ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ሸምገል ብዬ ነው፤ ብሳሳት ይቅር በሉኝ። የሸዋዬን ነገር የሚጽፍ ሌላ ሰው ባጣ ነው የደፈርኩት።

ሸዋዬ ከመርሳ ወጣ ብላ ማሽላዋ ዳር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሰው ትንቃለች ይሏታል። የምትንቀው ሞኝን ብቻ ነው፤ ሞኝ የማትለው ሰው ግን ጥቂት ነበር።

የፓኬጅ ነገር በሰፋበት ዘመን፣ በዘጠና ስምንት፣ ገዛኸኝ የሚባል የግብርና ሠራተኛ ሃያ ነጫጭ የፈረንጅ ጫጩት ሰጣት። ማሽን የፈለፈላቸው ናቸው። «እናት አያውቁ፣ ጠላት አያውቁ፤ መብላት ብቻ» አለች ገና ስታያቸው። አልተሳሳተችም። ጭላት ከመብራት ምሰሶው ተነስቶ ሲወርድባቸው አንጋጠው ያዩታል እንጂ አይሸሹም። ኅዳር ሲገባ አራት ቀሩ።

ገዛኸኝ ሊያጣራ ሚሊሻውን አበባውን አስከትሎ መጣ። እንዳጋጣሚ ነጩ ጭልፊት ማሽላው ላይ ዝቅ ብሎ፣ ክንፉን ቀሰር አድርጎ፣ ግራና ቀኝ ዘንበል እያለ ያልፋል። ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ የክንፉ ጫፍ ብቻ ጥቁር ነው።

«ያውልዎት ሌባው» አለ ገዛኸኝ።

«እሱ የሚለቅመው አይጥና ፌንጣ ነው። ከመስቀል ወዲህ ይመጣል፣ ለፋሲካ አይገኝም። ሌባው ቡናማው ጭላት ነው፤ ጅራቱ መሐሉ ስንጥቅ ያለው።»

«እትዬ ሸዋዬ፣ እኔ እኮ የተማርኩ ሰው ነኝ።»

«ጭልፊት ነው የተማርከው?»

አበባው ሳቁን በፎጣው ሸፈነ።

ሸዋዬ ስድስት ጫጩት የምትመራ ቀይ የአገር ዶሮ ነበረቻት። ጭላት ሲመጣ ቀይዋ ረዘም አድርጋ ትጮሃለች፤ ልጆቿ ክንፏ ሥር ይገባሉ። ነጩ ሲያልፍ ግን መጫሯን አትተውም። ሸዋዬም ወፉን በሩቁ የምትለየው በሷ ነው። «እሷን እያት» አለችው። እውነትም ዶሮዋ ትጭራለች።

ገዛኸኝ ግን ያየው የራሱን ነጫጮች ነው። ዝም ብለው ቆመዋል። «አያዩም? በፍርሃት ደርቀዋል» አለና ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ መጻፍ ጀመረ።

እሱ ሲጽፍ ቀይዋ ጮኸች። ጭላቱ ከምሰሶው ወርዶ አንዱን ነጭ ይዞ ሄደ። ሸዋዬም አበባውም አዩት። ገዛኸኝ ቀና ሲል ያየው ከማሽላው ማዶ የሚርቀውን ነጩን ነበር።

«ይኸው፣ ዓይናችን እያየ!»

«ያንተ ዓይን ወረቀቱ ላይ ነበር፣ ልጄ።»

ገዛኸኝ ፊቱ ጠቆረ። ጫጩቶቹን ነጭ ጭልፊት እንደ በላቸው የሚል ወረቀት ዘረጋላት። ከፈረመች ሌላ ሃያ ይመጣላታል፤ ካልፈረመች ከፓኬጁ ትወጣለች። ብትፈርምም ባትፈርምም አበባው ጠዋት መጥቶ ወፉን ይገድላል።

ሸዋዬን የቆረቆራት ጫጩቱ አልነበረም። አምና ነጩ ዘግይቶ በመጣ ጊዜ አይጥ የማሽላዋን እኩሌታ ጨርሶባታል። ዘንድሮ ያ ከተደገመ የምትበላው የላትም።

«ጣቴ ለውሸት ቀለም አይነካም» አለች። ሰዎቹ ሲሄዱ ከኋላቸው «ሳይገሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» እያለች ስታጉረመርም ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሸዋዬ ሦስቱን ነጫጮች እግራቸውን አስራ ደጃፏ ላይ አስቀመጠች። ወንጭፏን ይዛ ማሽላው መሐል ወዳለው የወፍ መጠበቂያ ማማ ወጣች። አበባው ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። ነጩ በማማው ዙሪያ ዝቅ ብሎ ይዞራል፤ በየት ቢያነጣጥር ሸዋዬ አለችበት።

«ይውረዱ እንጂ፣ እትዬ፤ ታዝዤ ነው።»

«ትናንት ያየኸውን ላዘዘህ ሰው ነግረኸዋል?»

«አልነገርኩትም» አለ አበባው።

«እንግዲያው እዚያው ቁም።»

ፀሐይ እስክትሞቅ ቆመ። ከዚያ ሳይተኩስ ጠመንጃውን መልሶ አነገተ።

«ደጅ ያሉትን ሦስቱን ለተማረው ሰው አድርስልኝ» አለችው፣ ፊቷን ሳታዞር። አበባው ጫጩቶቹን አንጠልጥሎ የመርሳን መንገድ ያዘ፤ እሷም እስኪረፍድ ከማማው አልወረደችም።