ሐይቁ የሞቀበት ቀን

የልጅ ልጄ ያኽታ በሚላት የሸራ ጀልባው ቆጵሮስን ዞሮ እስራኤል፣ አሽቀሎን የጀልባ ወደብ ሲደርስ፣ ዳር ቆሜ ስጠብቀው የራሰ ገመድ ወረወረልኝ። ገመዱ ደንገል ደንገል ሸተተኝ። ወዲያው እኔ ሽማግሌው ጣና ላይ ተመልሼ ቁጭ!

ሰባት ዓመቴ ነው። አባቴ የቀጠቀጠውን ማረሻ ለደሴት ገበሬዎች ልናደርስ በደንገል ታንኳ እንሄዳለን። እኔን ሽንት ወጥሮኛል። ጥላ ያለው፣ ውኃው ጸጥ ያለ የደሴቱ ዳርቻ ደረስን።

«አባባ፣ እዚህ እንውረድ!»

«አይሆንም» አለና ቀዘፈ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም ዳርቻ አለፈ። «ውኃ የተኛበት ሁሉ ማረፊያ አይደለም፣ ልጄ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። የገባኝ ሽንቴ እንደማይጠብቅ ብቻ ነው። አባቴ ፊት ማፈር ደግሞ ከመስመጥ ይብስብኝ ነበር። ደሴቱን ዞረን ልንጨርስ ስንል አመለጠኝ። ጀግናው እኔ፣ አንጋጥጬ ወፍ እቆጥራለሁ። አባቴ እግሩ ሥር የመጣውን ውኃ በጣቱ ነካ አደረገና «ዛሬስ ሐይቁ ሞቋል» አለ። ከዚያ በቀጥታ መጀመሪያ አይሆንም ያለው ዳርቻ አወረደኝ።

አውቆብኝ ነው? ያን ሁሉ ያዞረንስ ምን ፈልጎ ነው? ይኸው ሸብቼም ግራ እንደገባኝ አለሁ።

«ጥሩ መልህቅ መጣያ በምን ይታወቃል?» አልኩት የልጅ ልጄን።

እኔን አያቱን በዕብራይስጥ «ሳባ» ነው የሚለኝ። «እኔ እንጃ ሳባ፣ ዞሮ ማየት ነው። በሚቀጥለው ጉዞ አብረን እንሂድ?»

«እሺ፤ ግን ያኽታህ ሽንት ቤት አላት?»