ሳህኑ ላይ የሞተው ጀርም

ሄርማታ መርካቶ ውስጥ የጥቁር አዝሙድ ዘይት የምሸጠው ገዢው ፊት እየጨመቅኩ ነው። በጠርሙስ ታሽጎ የመጣውን እዚህ ማንም አያምንም፤ ፍሬው መጭመቂያው ውስጥ ሲገባ በዓይኑ አይቶ፣ ጠብታውን በጣቱ ነክቶ አሽትቶ ነው የሚገዛው። በእምነታችንም የተመሰገነ ስለሆነ ማስታወቂያ አያስፈልገኝም። የእኔ ሥራ ማሽኑን መጠበቅና ዝም ማለት ነው፤ የሚያቅተኝ ሁለተኛው ነው።

እናቴ ስኳር አለባት። አዲስ የላስቲክ ጫማ የእግሯን ትንሽ ጣት ላጠውና ቁስሉ አልድን አለ። ሆስፒታል የሰጧትን መድኃኒት ጨረሰች፤ ቀየሩላት፣ እሱንም ጨረሰች። በኋላ ከቁስሉ ናሙና ወስደው ሲመረምሩ ጀርሙ መድኃኒቶቹን ተላምዷቸዋል አሉን። ጣቷ ይቆረጥ፤ ከዘገየ ቁስሉ ወደ እግሯ ይወጣል አሉ።

በዚያው ሰሞን ደንበኛዬ የሆነች የቤተ ሙከራ መምህርት ሱቄ መጣች። ከእኔ ዘይት፣ ከሌላው ጦስኝና ዳማከሴ እየገዛች ጀርም ላይ ትሞክራለች። በስልኳ ፎቶ አሳየችን፦ ጀርም የተዘራባት ትንሽ ክብ ሳህን፣ መሃሏ ላይ የእኔ ዘይት የነካው ቁራጭ ወረቀት፣ በወረቀቱ ዙሪያ ደግሞ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት።

«እዚህ ጋ ጀርሙ ሞቷል» አለች።

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ስልኩን ተቀብላ ዓይኗ ድረስ አስጠጋችው። ከዚያ ወዲህ የመቆረጥ ወሬ ቀረ።

ቢጨንቀኝ መምህርቷን ለምኜ አወቱ መንደራ ሰፈር፣ እናቴ ቤት ወሰድኳት።

«እማማ፣ ሳህን ላይና ሰው እግር ላይ አንድ አይደለም» አለቻት። «ሳህኑ ላይ ዘይቱ ጀርሙን በቀጥታ ያገኘዋል። የእርስዎ ግን ሥጋው ውስጥ ገብቷል፤ ደሙም እዚያ በደንብ አይደርስም። እኛ ገና ሙከራ ላይ ነን።»

«ገና ከሆናችሁ ጨርሱ የኔ ልጅ፤ እጠብቃለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ ሻጩ፣ ምን ትላለህ?»

«ተቆረጪ እላለሁ።»

«ሱቅህ ውስጥ ሆነህ እንዲህ ስትል ሰምቼህ አላውቅም።»

«እሺ፣ ነይና ስሚኝ።»

በማግስቱ በባጃጅ መጣች። የገበያ ቀን ነው፤ ወረፋው ጎረቤቴ ጨርቅ ቤት ደርሷል። ጫማዋን አውልቃ፣ ፋሻዋን ፈትታ እግሯን ዘረጋች። ሽታው ሰዉን ወደኋላ አሸሸው። ማሽኑን አጠፋሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ወላሂ፣ ይሄ ዘይት እንዲህ ያለ ቁስል አያድንም! ሐኪም ቤት ሂዱ!» አልኩ።

ከዚያ ከአጋሮ የመጣ አንድ የቡና ነጋዴ ሳቀ።

«ዲሲ ካ፣ ተወን! ለማን ነው የደበቅከው?»

እኛ ገበያ ሻጭ ዕቃውን ራሱ ካጣጣለ ለሌላ ገዢ ይዞታል ማለት ነው። እኔም በመኸር ቡና ስገዛ፣ «ይሄማ አይሆንህም» ያለኝን ገበሬ ጎተራውን ሳላይ አልለቀውም። ወረፋው ይጋፋ ጀመር። አንድ ጠርሙስ ይዞ የመጣው ሁለት ፈለገ።

«የምሬን ነው! እናቴ ናት እኮ፣ በእናቴ እቀልዳለሁ?»

«ታዲያ ለእናትህ ነዋ የደበቅከው!» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። ሱቁ በሳቅ ተሞላ።

የባሰው እናቴም ሳቀች። ዕድሜዋን ሙሉ በቆሎ የሸጠች ሴት ናት፤ ገበያን ከእኔ በላይ ታነበዋለች።

«ስታመሰግነው እጠራጠር ነበር» አለችኝ። «አሁን አመንኩህ።»

ጣቷ ከትናንቱ ይበልጥ ጠቁሯል። ማል ጎና፣ ምን ላድርግ? እናት ተጎትታ አትቆረጥም። ፋሻዋን መልሳ ጠቀለለችና ባዶ ጠርሙሷን ዘረጋችልኝ። ወረፋ የያዙትም መንገድ ለቀቁላት።

«በሉ፣ መጀመሪያ ለእሳቸው» አሉ።

ማሽኑን አበራሁት።